ሰላምታው ብቻ ደረሰ

መስከረም 14

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ ደህና ነኝ። ከሥራዬ ሌላ የምነግርሽ ወሬ ስለሌለኝ ስለ ሥራዬ ልንገርሽ።

ስልክ ለእኔና ለአንቺ እንደማይሆን ባለፈው ጊዜ አይተነዋል። እኔ እጮሃለሁ፣ አንቺ "እ?" ትያለሽ፣ እኔ ደግሜ እጮሃለሁ፣ ጎረቤቴ ግድግዳውን ይደበድባል። ሃያ ዓመት የማተሚያ ማሽን አጠገብ የቆመ ጆሮሽ ምን ያድርግ! በፖስታ የምትልኪው ደግሞ ሁለት ወር ይፈጃል። ሰፈራችሁ ባለው የኢንተርኔት ቤት ኢሜይል ለመክፈት ሞክረሽ ገጹ ሳይመጣ ሰዓትሽ እንዳለቀ ነግረሽኛል። ስለዚህ ለሁለታችን ብቻ የሚሆን አንድ ሳጥን ሠርቻለሁ።

ሳጥን ያልኩሽ ድረ ገጽ ነው። ጃቫ በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩት ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ መሥሪያ ቤት ቀኑን ሙሉ የምሠራው ይህንኑ ስለሆነ እጄ ለምዶታል። ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው፤ ቀላል ስለሆነ በእናንተም መስመር ይከፈታል። ስትከፍቺው የእኔ ደብዳቤ እዚያው ገጹ ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ከሥሩ ባዶ ቦታ አለ፤ እሱ ላይ ትጽፊና "ላክ" የሚለውን ትጫኛለሽ። እኔ በበኩሌ "አውርድ" የሚለውን ስጫን ያንቺ ደብዳቤ ፋይል ሆኖ ይወርድልኛል። በእንግሊዝኛ አሥር ገጽ የሚሆን ነገር ጽፌ ሃያ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ አንዲት ነጥብ አልጎደለችም።

የምኖረው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ጠዋት ስወጣ ለበር ጠባቂው ሰላም እላለሁ፣ እሱም ራሱን ይነቀንቃል። ስመለስ ሌላ በር ጠባቂ ነው፤ እሱም ይነቀንቃል። በመካከል ያለው ጊዜ ከማሽን ጋር ያልፋል። እሁድ እሁድ ድምፄ እንዳልጠፋ ለማወቅ ብቻዬን አወራለሁ። ይህን ለእማዬ እንዳትነግሪያት።

ስለዚህ ብዙ ጻፊልኝ። በጥር የአንድ ወር ፈቃድ አለኝ። መምጣት አለመምጣቴን ገና አልወሰንኩም፤ የእናንተን ሁኔታ ሳውቅ እወስናለሁ።

ወንድምሽ

*

መስከረም 29

ይድረስ ለምንወድህ፣ ለማንጠግብህ፣ ለማሙሽ፤

ለጤናህ እንዴት ነህ? ጉልበትህ እንዴት ነው? ሳልህስ ለቀቀህ? የምትተኛበት ክፍል መስኮቱ ይከፈታል? ብርድ ልብስህ ይበቃሃል? አለቃህ እንዴት ነው? ሚስቱስ ደህና ናት? ግድግዳ የሚደበድበው ጎረቤትህ ራሱ እንዴት ነው? ሰው ነውና ሰላም በለው። ጫማህ ውሃ ያስገባል ብለህ ነበር፤ አስጠገንከው? አንተን ያየ ዓይን የተባረከ ይሁን። የረገጥከው ይለምልምልህ፣ የጀመርከው ይፈጸምልህ። ክፉ ሰው ከመንገድህ ይራቅ፤ የሚጠላህ ስምህን ይርሳው፣ የሚወድህ በሕልሙም አይርሳህ። እኛ ሁላችን፣ ቤቱም፣ ጎረቤቱም፣ በሩም ሳይቀር፣ ካንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልሆንንም። እማዬም ደህና ናት ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ግን ዋሽቼህ አላውቅም።

ከላይ ያለውን ሰላምታ ያጻፈችኝ እሷ ናት። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ "የአለቃውን ሚስት ረሳሻት" እያለች፣ እኔ ከማተሚያ ቤት ባመጣሁት የወረቀት ቁራጭ ላይ እየጻፍኩ። ሰላምታ ላይ አንዲት ቃል አትስትም። ሌላው ላይ ግን እየሳተች ነው፣ ማሙሽ። በክረምቱ ዕቃ እያስቀመጠች ስትረሳ እኔም እረሳለሁ ብዬ ስቄ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ባለፈው ወር ቤታችንን ሁለት በር አልፋ የሰው በር ስታንኳኳ አገኘኋት፤ "ቤቴን ቆለፉብኝ" እያለች ታለቅሳለች። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሥዕል እያሳየ ጠየቃት፤ ከዚያ እኔን ውጭ አወጣኝና መስማቴን ቢጠራጠር ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። የመርሳት በሽታ ነው፣ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም፤ መጀመሪያ ነገር ይጠፋታል፣ ከዚያ ሰው ይጠፋታል ይላል። ወረቀቱን ደብቄዋለሁ።

አንተን እስከ ዛሬ አልረሳችህም። በየቀኑ "ማሙሽ መቼ ይመጣል?" ትለኛለች። ሐኪሙ የሚመጣ ልጅ ካላት በጥር ይምጣ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም ብሏል። ገንዘብ እንዳትልክ፤ መድኃኒቷን እኔ እችላለሁ። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፤ ታውቅህ እያለች ና። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? አንዱን ጻፍልኝ።

እህትህ

*

ጥቅምት 21

ለእታለም፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሳጥኑ ሠራ! "አውርድ" የሚለውን ስጫን ልቤ ይመታ ነበር ብልሽ ትስቂብኛለሽ።

አንዴ አነበብኩት፣ ሁለቴ አነበብኩት፣ ሦስተኛ ጊዜም አነበብኩት፤ ያው ሰላምታ ነው። አለቃዬ ደህና ነው፣ ሚስት ግን የለውም። ጫማውን ጥዬዋለሁ። ጎረቤቴን ሰላም አልኩት፤ ደንግጦ በሩን ዘጋ። መጨረሻው ላይ "እማዬም ደህና ናት" ይልና አንዲት የጥያቄ ምልክት ያለባት ጥቁር አልማዝ ትመጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። የኢንተርኔት ቤቱ ሰዓት አልቆብሽ ይሆናል፤ ወይም እጅሽ ስቶ ይሆናል። ደስ ያለኝ የእማዬ ደህና መሆን ነው።

እውነቱን ልንገርሽ? ትንሽ ከፋኝ። ብዙ ጻፊልኝ ብዬሽ ነበር። ሰላምታማ ከበር ጠባቂዎቹም አገኛለሁ። እኔ ወሬ ነው የራበኝ፤ ማን ታመመ፣ ማን አገባ፣ ጣሪያው ያፈሳል ወይ፣ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ። በሚቀጥለው ጊዜ ተረጋግተሽ ጻፊ።

ወንድምሽ

*

ኅዳር 12

ይድረስ ለምንወድህ ለማሙሽ፤

ለጤናህ እንዴት ነህ? ጉልበትህ እንዴት ነው? ሳልህስ ለቀቀህ? መስኮቱ ይከፈታል? አለቃህ እንዴት ነው? ሚስቱስ? ሳልህስ ለቀቀህ? የሚጠላህ ስምህን ይርሳው። ጫማህን አስጠገንከው? የረገጥከው ይለምልምልህ። ብርድ ልብስህ ይበቃሃል? ሳልህስ ለቀቀህ? የሚጠላህ ስምህን ይርሳው፣ የሚወድህ በሕልሙም አይርሳህ። አለቃህ እንዴት ነው? አንተን ያየ ዓይን የተባረከ ይሁን። ሰላም ሁን።

ያለችውን እንዳለችው ጻፍኩት። ሦስት ጊዜ ሳልህን ስትጠይቅ አላቋረጥኳትም፤ ያቋረጥኳት እንደሆነ ታፍራለች።

አሁን የእኔን ስማ። ሰዓቴ አላለቀም። እጄም አልሳተም፤ ሃያ ዓመት የማተሚያ ፊደል የለቀመ እጅ ነው። በማተሚያ ቤቱ ሰው ሁሉ የሚስቅብኝ ቀስ ብዬ በመሥራቴ እንጂ በመሳሳቴ አይደለም። እኔ እናታችን ሰው እየረሳች ነው ብዬ ጻፍኩልህ፣ አንተ "ደስ ያለኝ የእማዬ ደህና መሆን ነው" ብለህ መለስክልኝ። ደብዳቤህን የኢንተርኔት ቤቱ ወንበር ላይ ሆኜ አነበብኩና ዙሪያዬን አየሁ፤ ሌላ ሰው አንብቦት እንዳይታዘበን ብዬ። መምጣት ካልቻልክ አልችልም በል። አለቃዬ ከለከለኝ በል፣ ፈራሁ በል፤ እኔም ሰው ነኝ፣ ይገባኛል። የማይገባኝ ያልሰማ መምሰልህ ነው። ከሁለታችን ጆሮ የሌለው ማን ነው?

ትናንት ፎቶህን ግድግዳው ላይ አይታ ስምህን ለመጥራት ደቂቃ ፈጀባት። ጠራችው ግን። ዛሬም ያንኑ እጠይቅሃለሁ፤ በጥር ትመጣለህ ወይ?

እህትህ

*

ታኅሣሥ 26

ለእህቴ፤

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። ምን ብዬ እንደምመልስ ስላጣሁ ነው የዘገየሁት።

ሳሌን ሦስት ጊዜ ጠየቅሽኝ። አለቃዬን ሁለቴ። ያለፈውን ደብዳቤ ገልብጠሽ እዚህና እዚያ ቦታ ያለዋወጥሽው መሰለኝ፤ እሱም ሳያልቅ መሐል ላይ ቆሟል። ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ። የምትነግሪኝ ከሌለሽ ግን ለወጉ ብለሽ የኢንተርኔት ቤት ወንበር አታሙቂ። እኔ ሩቅ የሄድኩት እናንተን ልረሳ አልነበረም፤ እናንተ ግን እንደ እንግዳ ሰው ሰላምታ ብቻ እየሰጣችሁ ትሸኙኛላችሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ የምናደርስለት ፋይል ሁሉ ተበላሽቶ እየደረሰው ነው ብሎ ጮኸ። ባልደረቦቼ ሰውየው መክፈት አያውቅበትም አሉ። እኔ በአንድ ሰዓት ስህተቱን አገኘሁት፤ ፕሮግራሙ ሥዕሉን እንደ ጽሑፍ እያነበበ ነበር። አዲስ ለሚቀጠሩት ሁልጊዜ የምላቸው አንድ ነገር ነው፤ ሰው አልደረሰኝም ሲልህ ሰውየውን አትጠርጥር፣ መንገዱን ጠርጥር። አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ።

እማዬ ደህና ስለሆነች የጥር ፈቃዴን ለአንድ ባልደረባዬ ሰጥቼዋለሁ፤ ሚስቱ ልትወልድ ነው። እኔ በሌላ ዓመት እመጣለሁ። የሚያስፈልጋችሁ ነገር ካለ ንገሪኝ፣ ገንዘብ እልካለሁ።

ወንድምሽ

*

ጥር 2

ዛሬ ሰላምታ የለም። ሰላምታውን የምታጻፈኝ ረሳችው። እማዬ አእምሮዋን እያጣች ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ የጻፍኩልህ ይህንን ነበር። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?

ጠዋት ወረቀቴን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። "ለማን ነው?" አለችኝ። ለማሙሽ ነው አልኳት። "እንዴት ነህ በይው" አለችና ቆመች። ጠበቅኳት። ቀጥሎ ያለውን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው። ከዚያ እንደ እንግዳ ሰው ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ፈቃድህን ለሌላ ሰጥተሃል። እንግዲህ የፈለግከውን አድርግ፤ እኔ ከዛሬ በኋላ አልጽፍም።

*

ጥር 4

እታለም፣ እባክሽ ጻፊ። እለምንሻለሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

የደረሰኝ "ትመጣለህ ወይስ አት" እስከሚለው ነው፤ ከዚያ ያቺ አልማዝ። ከመስከረም ጀምሮ የጻፍሽው ምንድን ነው? እኔ ዘንድ የለም! የመጀመሪያው ደብዳቤሽ "እማዬም ደህና ናት" ላይ ነው የቆመው። ሁለተኛው "ሰላም ሁን" ካልሽ በኋላ "ያለችውን እንዳለችው ጻ" ይልና ይቆማል። ሌላ ቃል አልደረሰኝም። አንቺ ስትጮኺ እኔ የሰማሁት የጉሮሮሽን መጥረግ ብቻ ነው።

ከትናንት ጀምሮ ስፈልግ ነው የዋልኩት። የኢንተርኔት ቤታችሁን መስመር ጠረጠርኩ፤ መስመር ቢሆን አንዳንዴ ሙሉ ይመጣ ነበር። ገጹ ረጅም ጽሑፍ አይቀበል ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ፤ ይቀበላል። የፕሮግራሙን መዝገብ አየሁት፤ ስህተት የለም፣ ሁሉም ደህና ነው ይላል። ሳጥኑ የተቀመጠበት ማሽን የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ገብቼ ፋይሎቹን ራሳቸውን ለማየት ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ ሦስት ቀን ሳይሞላ አይሰጥም ብለውኛል።

አንቺ መጀመሪያ በወረቀት እንደምትጽፊ አውቃለሁ። ወረቀቶቹ ካሉ የቆመበትን ቦታ እይልኝና ንገሪኝ። ዋናውን ነገር ከላይ አድርጊው። እማዬ እንዴት ናት? ታውቀኛለች?

ማሙሽ

*

ጥር 6

ስላንተ ትጠይቃለች፤ ስምህ ሲጠራ ፊቷ ይበራል፤ በሚቀጥለው ወር ግን እንጃ።

አልጽፍም ብዬህ ነበር፤ ጻፍኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም ሦስቱንም ወረቀት ይዣቸዋለሁ። ዛሬ ማተሚያ ቤት በምሳ ሰዓት ዘርግቼ ፊደሉን ከነባዶ ቦታው ቆጠርኩት። በእኛ ሥራ መስመር ሞልቶ እንዳይፈስ እየቆጠርን ነው የምንለቅመው፣ ስለዚህ አልከበደኝም። የደረሰህ በሦስቱም ላይ ከመቶው ሠላሳ ስምንት ገደማ ነው። አጭሩም ሠላሳ ስምንት፣ ረጅሙም ሠላሳ ስምንት። የሚቆርጠው የኢንተርኔቱ መስመር ቢሆን እንዲህ በልክ አይቆርጥም። ይህ እጅ ያለው ቆራጭ ነው፣ ማሙሽ፤ ፕሮግራሙ ውስጥ የሚቆጥር ነገር አለ፣ ሲቆጥር ደግሞ ይሳሳታል። እዚያ ፈልገው።

ያልደረሰህን ደግሜ አልጽፈውም፤ እጄ እምቢ አለኝ። ከዚህ በታች ያለው ትርፍ ነው፤ ቆራጩ የሚበላው እንዲያገኝ ብዬ ከሀ እስከ ፐ ሦስት ጊዜ የሞላሁት ነው።

ሀሁሂሃሄህሆ ለሉሊላሌልሎ ሐሑሒሓሔሕሖ መሙሚማሜምሞ ሠሡሢሣሤሥሦ ረሩሪራሬርሮ ሰሱሲሳሴስሶ ...

*

ጥር 9

ለእታለም፤

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ጆሮሽስ? በምሳ ሰዓት ስትቆጥሪ ምሳሽን በላሽ?

አገኘሁት። እጅ ያለው ቆራጭ ያልሽው እኔ ነኝ። አንዲት መስመር ናት። ፕሮግራሙ ፋይል ከማስረከቡ በፊት ለተቀባዩ "ይህን ያህል ይደርስሃል" ብሎ ቁጥር ይነግረዋል፤ ቁጥሩ ሲሞላ በሩ ይዘጋል። እኔ የፊደሉን ብዛት ነው እንዲናገር የጻፍኩት። መንገዱ ግን ፊደል አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው ባይት የሚሉትን የኮምፒውተር መለኪያ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ነው፣ የእኛ ግን እያንዳንዷ ሦስት ባይት ናት። የደረሰኝ ከሲሶ ትንሽ የበለጠውም ባዶ ቦታ አንድ ባይት ብቻ ስለሆነ ነው፤ አልማዟም መሐሏ ላይ የተቆረጠች ፊደል ናት። በእንግሊዝኛ ሃያ ጊዜ ስሞክረው አንዲት ነጥብ ያልጎደለችው ለዚህ ነው። ላንቺ የሚሆን ሳጥን ሠርቼ ባንቺ ፊደል አንድ ጊዜ እንኳ አልሞከርኩትም።

ፈቃዱ ዛሬ ጠዋት ደርሶኝ ማሽኑ ውስጥ ገባሁ። ደብዳቤዎችሽ በሙሉ እዚያው ተቀምጠዋል፤ አንዲት ቃል አልጠፋችም። ቢሮ ውስጥ ሰው እያየኝ አነበብኳቸው። ሁለት በር አልፋ ያንኳኳችውን፣ ሐኪሙ የጻፈልሽን፣ "ታውቅህ እያለች ና" ያልሽውን። አጠገቤ የምትቀመጠው ፕሮግራም የምትፈትሽ ባልደረባዬ ታች ወርዳ ውሃ አምጥታልኝ ምንም ሳትጠይቀኝ ተመለሰች። ሰላምታውን ሁሉ ያጻፈችሽ እማዬ መሆኗን ሳነብ ደግሞ ያንን ሰላምታ ምን ብዬ እንዳጣጣልኩት አስታወስኩ። ሳሌን ሦስት ጊዜ የጠየቀችኝ እሷ ነበረች። እኔ ገለበጥሽ ብዬ አሾፍኩ።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አልነገርኩም። ስህተቱ የፕሮግራሙ ነው ብዬ ልለፈው እችል ነበር። ግን ደብዳቤሽ መሐል ላይ ሲቆም አይቻለሁ፤ አልማዟንም አይቻለሁ። የማላውቀው ደንበኛ ሲጮህ በአንድ ሰዓት ያገኘሁትን ዓይነት ስህተት ላንቺ ሦስት ወር አልፈለግኩትም። ለምን ይመስልሻል? "እማዬም ደህና ናት" የሚለው ተመቸኝ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ብፈልግ ምን እንደማገኝ የሆነ ቦታ ላይ አውቄ ነበር። አንቺ ያልሰማ መምሰሌ አይገባኝም አልሽ፤ ግማሹ እውነት ነው እታለም። ይቅር በይኝ።

ፈቃዴን እንዲመልስልኝ ባልደረባዬን አልጠየቅኩትም፤ ልጁ ትናንት ተወለደ። አለቃዬን ለመንኩት፤ የሰጠኝ መጋቢት መጨረሻ ላይ አሥራ አምስት ቀን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳትይኝ። እስከዚያ ስሜን በየቀኑ ንገሪያት።

ማሙሽ

*

የካቲት 20

ለማሙሽ፤

ባለፈው ደብዳቤዬ፣ ሙሉው ከደረሰህ መጨረሻው ላይ ያለውን ቃል ጻፍልኝ ብዬህ "ጣሪያው" ብለህ መለስክልኝ። ልክ ነህ፤ የመጣልህ ሙሉ ነው። ጣሪያውም እያፈሰሰ ነው።

ተቆጥቼህ ነበር። አሁን አልፎልኛል፤ ወይም ደክሞኛል፣ ልዩነቱን አላውቀውም። በዚህ ቤት ሁለት ሰዎች ነን፣ አንዷ አትሰማ፣ አንዷ አታስታውስ። እሷ ስትናገር እኔ አፏን እያየሁ ለመገመት እሞክራለሁ፤ እኔ ስመልስ እሷ የጠየቀችውን ረስታለች። አንዳንዴ ይህንን አይተን ሁለታችንም እንስቃለን። ከሳቅን በኋላ ግን የምሄድበት ሰው የለኝም። እሁድ እሁድ ብቻውን የሚያወራ አንተ ብቻ አይደለህም።

ስምህን በየቀኑ እነግራታለሁ። ፎቶህን አሳያታለሁ። ዛሬ ከሥራ ስገባ ከተቀመጠችበት ተነስታ "ማሙሽ!" አለች፤ ደስታዋን ብታይ! እኔን ነበር በስምህ የጠራችኝ። አላረምኳትም። አቤት አልኳት።

ቶሎ ና።

እህትህ

*

ሚያዝያ 8

ለእታለም፤

እንዴት ነሽ? ጣሪያውን የጠገንኩት ቦታ ያዘ ወይስ ዘነበባችሁ? ትናንት ገባሁ። በር ጠባቂው ራሱን ነቀነቀ፤ እኔ ቆሜ ለጤናው፣ ለእግሩ፣ ለልጆቹ ጠየቅኩት። ሦስት ልጆች አሉት። አራት ዓመት ሙሉ በፊቱ ሳልፍ አላወቅኩም ነበር።

ታክሲው ውስጥ ሆነን "በሩ ላይ እማዬ ምን አለችህ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ እኔም ምንም ብዬ አፌን በደንብ አሳየሁሽ። ዋሽቼሽ ነው። አንቺ ዋሽተሽኝ ስለማታውቂ ልንገርሽ።

አሥራ አምስቱን ቀን እንዴት እንደነበረች አይተሻል። የመጀመሪያ ቀን ከወንበሯ ተነስታ "ይቀመጡ" ስትለኝ አንቺ ፊትሽን አዞርሽ። ጣሪያው ላይ ስወጣና ስወርድ አናጢ መሰልኳት፤ በሦስተኛው ቀን አንተ ትለኝ ጀመር። አንቺ ማተሚያ ቤት ስትውዪ ግን እናወራ ነበር። ልጅ አለኝ አለችኝ አንድ ቀን። የት ነው አልኳት። "ሩቅ ነው፣ ደብዳቤ ይጽፋል" አለችኝ። ምን ብሎ ይጽፋል ስላት አሰበች፣ አሰበችና "ደህና ነኝ ነው የሚለው፤ ሌላ ምን ይላል!" አለችኝ። እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ካመነችኝ በኋላ መልሳ ብትረሳኝስ ብዬ ዘጋሁት። በሌላ ቀን ነገርኳት፤ ትክ ብላ አየችኝና "አይ፣ የእኔማ ትንሽ ልጅ ነው" አለችኝ።

የመሄጃዬ ቀን አንቺ ሻንጣዬን ይዘሽ ወደ ታክሲው ስትቀድሚ እኔ ልሰናበታት ተመለስኩ። በሩ ድረስ እጄን ይዛ ሸኘችኝ። "ልጄ" አለችኝ። ግን ለማንኛውም ሰው እንደሚባለው ነበር ያለችው።

"ልጄ፣ ከእኛ ጋር ብዙ ቀን ቆየህ። ጣሪያውን ሠራህልን፣ ከእኔም ጋር ተጫወትክ፤ ተባረክ። እናት የለህም እንዴ?"

"አለች" አልኳት።

"ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለህ? ሂድ እንጂ። በር በሩን እያየች ነው የምትውለው" አለችኝና እጄን ለቀቀችው። እኔም ሄድኩ።

ማሙሽ